ለቆላ የሚሆን ዜሮ ካርቦን ሕንፃ፦ ከአዳማ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በአዳማ የሚገኙ የአርክቴክቸር ተማሪዎችና ቤት ሠሪዎች ስለ ዜሮ ካርቦን ሕንፃ፣ ማለትም በግንባታውም ሆነ በአገልግሎቱ የተጣራ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ስለሌለው ሕንፃ፣ በማደርገው ምርምር ላይ ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ ሕንፃዎቻችን ከወዲሁ ዜሮ ካርቦን ናቸው ማለት አይቻልም?

መልስ፦ አይቻልም። የሕንፃ ካርቦን ሁለት ምንጭ አለው፤ አንደኛው ሰው ከገባበት በኋላ ለመብራትና ለማቀዝቀዣ የሚፈጀው ኃይል ሲሆን፣ ሁለተኛው ገና ሰው ሳይገባበት በሲሚንቶው፣ በብረቱና በመስታወቱ ምርት የወጣው ነው። ኤሌክትሪካቸውን ከድንጋይ ከሰል በሚያመነጩ አገሮች ምርምሩ ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በመጀመሪያው ላይ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ክሊንከር 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ሲመረት፣ ከነዳጁ ጭስ ሌላ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወጣል፤ ከልቀቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይኸው በመሆኑ ምድጃውን በንጹሕ ኃይል ማንደድ ብቻውን አይበቃም። ፑሚስ የሚባለው ቀላልና ባለቀዳዳ የስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ተፈጭቶ ከሲሚንቶ ጋር ሲደባለቅ የክሊንከሩን ድርሻ ይቀንሳል፣ ሳይፈጭ ደግሞ ክብደቱ ቀላል የሆነ ብሎኬት ይወጣዋል።

ጥያቄ፦ አዳማ ላይ የማሠራው ፎቅ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። ሙሉ በሙሉ መስታወት ባደርገው ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። ሰሜን ፀሐይ አያገኘውም የሚለው ምክር ከምድር ወገብ ርቀው ለሚገኙ የሰሜን አገሮች የተሰጠ ነው። አዳማ 8.5 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች። ለእርሷ አጠር ያለ አግድም ጥላ ይበቃል፤ ይበልጥ የሚያስቸግረው ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ የምትገባው የምዕራብ ፀሐይ ስለሆነ በዚያ በኩል መስኮት ይቀንሱ። መስታወቱን ካበዙ ግን የመጋረጃና የማቀዝቀዣ ወጪ ይከተልዎታል።

ጥያቄ፦ ለሰመራ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ይመክራሉ?

መልስ፦ ለሁሉም ክፍል አልመክርም። ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት የሚለቅ በመሆኑ የሚጠቅመው ሌሊቱ በደንብ ሲቀዘቅዝ ነው። ሌሊቱም በሚሞቅበት ወቅት ለመኝታ የሚሻለው ሙቀት የማያከማች፣ ነፋስ የሚያሳልፍ ቀላል ግድግዳ ነው፤ የአፋር አርብቶ አደሮች በሰሌን የሚያለብሱትን ተንቀሳቃሽ ቤት በዚህ ዓይን ማጥናት ይገባናል። በቆርቆሮ ጣሪያና በኮርኒስ መካከልም አየር የሚመላለስበት ክፍተት መተው አለበት።

ጥያቄ፦ የአንታርክቲካ ሕንፃ ጥናት ለእኛ ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ የአሠራር ቅደም ተከተሉን ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው የቤልጅየም ፕሪንሰስ ኤሊዛቤት ጣቢያ በነፋስና በፀሐይ ኃይል እንዲሠራ ሲታሰብ፣ አስቀድሞ የኃይል ፍላጎቱ በወፍራም የሙቀት መከላከያ እጅግ እንዲቀንስ ተደርጓል። እኛም የፀሐይ ፓነል ከመግዛታችን በፊት ጣሪያችንን ማስተካከል አለብን።

ጥያቄ፦ በዚህ ዘርፍ ተመራማሪ ለመሆን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የማዕረጉ መንገድ የታወቀ ነው፤ ከሁለተኛ ዲግሪ በኋላ ሌክቸረር፣ ከዶክትሬት በኋላ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያም በሚታተሙ ጥናቶች ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ይመጣል። ኢነርጂ ፕላስ የተባለው የስሌት ፕሮግራም በነፃ ስለሚገኝ አሁኑኑ መለማመድ ትችላለህ፤ ሆኖም በስሌት የተገኘውን ሙቀት በእውነተኛ ቤት ከተለካው ጋር የማያነጻጽር ጥናት በእኔ ግምት ግማሽ ጥናት ነው። ስለዚህ የቤቱን ባለቤት አስፈቅደህ በአንድ የቆርቆሮ ቤትና በአንድ የኮንክሪት ፎቅ የላይኛው ወለል ላይ ሙቀት መመዝገቢያ ስቀልና፣ በጋውንም ክረምቱንም ጨምረህ ዓመቱን ሙሉ መዝግብ።