የመሶብ ቅርጽ ላለው የወፍ መመገቢያ

እህቴ፣ «ለግቢዬ መሶብ የሚመስል የወፍ መመገቢያ ላሠራ ነው፤ ከምን ይሁን? የት ይቁም?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ አዲስ አበባ ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያው ግን ጉድ ሠርቶኛል።

የእናቴን አሮጌ የመሶብ ክዳን ጣሪያ፣ ሰፌድ ደግሞ ገበታ አድርጌ ሰቀልኩት። ጊዜው ሚያዝያ ነበር፤ ያየው ሁሉ ፎቶ አነሳው። ሐምሌ ሲገባ ስንደዶው ውሃ ጠጥቶ ጠቆረ። ስንዴው ሰፌዱ ላይ በቀለ፣ ከዚያም ሻገተ። የሻገተ እህል ደግሞ ወፍ ይገድላል። ስፌቱን ለሳሎን ተይው።

ሁለተኛው እስካሁን ቆሟል። ጣሪያውን ቆርቆሮ ሠሪ እንደ መሶብ ክዳን አሹሎ ሠራልኝ። ከሳህኑ ዙሪያውን አንድ ስንዝር ይለፍ፤ የክረምት ዝናብ ከነፋስ ጋር በጎን ነው የሚገባው። ጌጡ ከውጪ ይሁን። እኔ የሐረር ስፌት ጥለት አስቀብቼዋለሁ። እህል የሚነካውን ቦታ ግን ቀለም አታስነኪው።

ሳህኑን ቀጨኔ ካሉት ሸክላ ሠሪ እናቶች አሠራሁ። የውሃ ማውጫ ቀዳዳዎቹ ሸክላው ሳይተኮስ ይበሱ። እኔ በኋላ በመሰርሰሪያ እበሳለሁ ብዬ አንዱን ሳህን ለሁለት ከፍዬዋለሁ። ስፋታቸው 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል።

እግሩ ቱቦላሬ ነው፣ 1 ሜትር ከ80። እንጨት ከሆነ ድመት እንደ ደረጃ ትወጣበታለች። ለማንኛውም መሃሉ ላይ የተደፋ ቆርቆሮ አስገቢበት። ከቁጥቋጦ 3 ሜትር ያህል ይራቅ። ከዚያ ከቀረበ ድመት ታደባለች፤ በጣም ከራቀ ደግሞ ጭልፊት ሲመጣ መሸሸጊያ የለም። ከመስኮት ወይ ከ1 ሜትር በታች ወይ ከ10 ሜትር በላይ አርጊው። ቅርብ ከሆነ ወፏ በርራ ፍጥነት ሳትይዝ ነው መስታወቱ ላይ የምትደርሰው።

እህሉን በተመለከተ፣ ጤፍ በቀዳዳው ያልቃል፣ ነፋስም ይወስደዋል። ለድንቢጥ ዳጉሳና የተከካ ማሽላ ጥሩ ነው። ጥቃቅኖቹ ኑግ ይወዳሉ። የኛ ኑግ እኮ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ለወፍ ይሸጣል! አብሮት የሚሄድ የአረም ዘር እንዳይበቅል በሙቀት አክመው ነው የሚያስገቡት። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ሱቅ ውስጥ አይታው ደውላ ስትስቅ ነበር። ጭራቸው የረዘመ፣ ጉትዬ ያላቸው ቡናማ ወፎች ደግሞ የበሰለ ፓፓያ ላይ ይንጠለጠላሉ። ጨው የነካው ቆሎና ዳቦ ግን አታቅርቢ።

እርግብ ሁሉንም ጠራርጋ ከበላች ዙሪያውን ባለ 4 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ሽቦ አድርጊ፤ ትንንሾቹ ይሾልካሉ።

በየሁለት ሳምንቱ እጠቢው። አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቀሽ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው። ቶሎ ካልመጡ አትበሳጪ፣ የኔዎቹ ሁለት ሳምንት ከአጥር ላይ ሲያዩት ነው የከረሙት።

ለቁራ ግን መላ አላገኘሁም። ጣሪያው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ባለቤት ነው የሚያደርገው። አንቺ መላ ካገኘሽለት ንገሪኝ።