ብሩ የት ነው ሚገባው?

ጥያቄ፦ የሟች እህቴን 2 ልጆች ደብረ ብርሃን እያሳደግኩ ነው። ትልቋ በቤተክርስቲያን ፕሮጀክት ታቅፋ የውጭ ስፖንሰር አላት፣ ግን ለኔ ሚደርሰኝ ዩኒፎርም፣ ደብተርና ሳሙና ብቻ ነው። ብሩን ለምን በእጄ አይሰጡኝም?

መልስ፦ እህቴ፣ ስፖንሰርሺፕ እንደ ደሞዝ በእጅ ሚቆጠር አይደለም፣ ባብዛኛው በአጋር ቤተክርስቲያኗ በኩል ለትምህርት፣ ለህክምና፣ ለምግብና ለመንፈሳዊ ትምህርት ባንድ ላይ ነው ሚውለው። ፕሮጀክቱን ሚያስኬደው የተመዘገበ ድርጅት ከሆነ ደሞ በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪው ከ20 በመቶ ማለፍ የለበትም፣ ስለዚህ በወላጆች ስብሰባ ሂሳቡን ጠይቂ፣ ነውር የለውም። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ያልታቀፈው ትንሹ ነው፤ በዛ ብርድ እህቱ አዲስ ሹራብ ለብሳ እሱ ቆሞ ሲያያት... ለሱ ቀበሌ ሄደሽ በጤና መድን መክፈል ከማይችሉት ጋ እንዲመዘግቡሽ አመልክቺ፣ መዋጮውን መንግስት ነው ሚሸፍነው።