ለወሎ ልጆች፦ የጦርነቱን ትዝታ ስለ መታከም

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ እዚያው የነበራችሁና ዛሬ በሰው ሀገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህ ምክር ለእናንተ ነው። በዐረብ ሀገር በአሠሪ ቤት መከራ ያያችሁ እህቶቼም ይመለከታችኋል። በሐኪም ቤት በአስተርጓሚነት ስሠራ ብዙ የወሎ ልጆች አግኝቻለሁ፤ አብዛኞቹ የመጡት እንቅልፍ ካጡና ሥራ ካቋረጡ በኋላ ነበር።

ከሀገር ቤት ሲደወል «ተወው፣ አታንሣው፣ ያለፈው አልፏል» ይባላል። ከፍቅር የመጣ ቃል ነው። ሆኖም የሚያስፈራንን በሸሸን ቁጥር ለጊዜው እፎይ ብንልም፣ አእምሯችን አደጋው ማለፉን የሚያረጋግጥበት ዕድል ያጣል፤ ፍርሃቱም ሥር ይሰዳል።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ኤድና ፎአ የቀረጹት የመጋፈጥ ሕክምና የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይወስዳል። ታካሚው የደረሰበትን ደጋግሞ ይተርካል፤ የተቀዳውን ድምፁን ቤቱ ሆኖ ያዳምጣል፤ አደጋ የሌለበትን ነገር ግን የሚሸሸውን ሁሉ ከቀላሉ ጀምሮ ይለማመዳል። በሌሊት የግቢው ቆርቆሮ በር ሲደበደብ የሰማ ሰው ዛሬ ዕቃ አድራሽ ሲያንኳኳ ላብ ያጠምቀዋል እንበል። ፍርሃቱን ከ0 እስከ 100 ይለካል። መጀመሪያ ጓደኛው በተነጋገሩበት ሰዓት ያንኳኳለታል፤ 40 ይላል። ሌላ ቀን ጠንከር አድርጎ፣ ቆይቶ ደግሞ ሰዓቱን ሳይነግረው ሲመሽ ያንኳኳል። እሱም ጓዳ ገብቶ አይደበቅም፤ ሄዶ ይከፍታል።

ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ይድናል። ስሜቱ ሲገነፍል ራሱን የሚጎዳ ወይም ሞትን የሚመኝ ሰው ግን አስቀድሞ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። ሌላዋ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊንሃን የቀረጹት ሕክምና ይህን ያስተምራል፦ ስሜትን ለይቶ መጥራት፣ ጭንቀት ሲበረታ ፊትን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር (የልብ ሕመም ያለበት ሐኪሙን ይጠይቅ)፣ ሳይጣሉ እምቢ ማለት። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሜላኒ ሃርነድ ሁለቱን ሕክምናዎች አቀናጅተዋል፤ በቅድሚያ ራስን መጉዳት ይቆማል፣ ቀጥሎ መጋፈጡ ይጀመራል፣ የማረጋጋቱ ትምህርትም እስከ መጨረሻው አብሮ ይሄዳል።

እኔን የሚያሳስበኝ በአተነፋፈስ ልምምድ ብቻ ዓመታት የሚያልፉበት ወገኔ ነው። ሐኪማችሁን «ወደ ትዝታው የምንገባው መቼ ነው? ምን ሲሟላ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ፤ የሕክምናው ቅደም ተከተል የሚወሰነው በዚያ ነው። ሐሳቡ ዛሬ ከበረታባችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

የጥገኝነት ቃለ መጠይቅን ከሕክምና ጋር አታምታቱ። በዚያ ታሪካችሁ የሚመዘነው ለማስረጃነት ነው፤ ከዚያ ወጥታችሁ ብትታመሙ «መናገር አይጠቅመኝም» ብላችሁ አትደምድሙ። ዱዓውም ጸሎቱም ይቀጥል፣ ሕክምናው አያስተዋችሁም።

አስተርጓሚው የአካባቢያችሁ ሰው ሆኖ ወሬ ይወጣል ብላችሁ ከሰጋችሁ፣ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንዲመደብላችሁ ጠይቁ። ትረካውን ግን በአማርኛ አድርጉት፤ ለአብዛኞቻችሁ ትዝታው የሚመጣው በአማርኛ ነውና።