ጥያቄና መልስ፦ ሰው ከእርሻ ሲወጣ አገር ያድጋል?

ስለ ግብርና ሥራና ስለ ዘላቂ ዕድገት የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ፣ እንደ አመጣጣቸው።

ጥ፦ ጋሼ፣ አገር የሚያድገው ሰው ከእርሻ ሲወጣ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መ፦ ግማሹ እውነት ነው። በኢትዮጵያ ከ3 ሠራተኛ 2ቱ ገደማ የሚተዳደሩት በግብርና ነው፤ ግብርናው ከጠቅላላ ምርት ያለው ድርሻ ግን ሲሶ ገደማ ነው። ስታሰላው ከእርሻ ውጭ ያለ ሰው በአማካይ የገበሬውን 4 እጥፍ ያህል ያመርታል ማለት ነው። የኢኮኖሚ ሊቁ አርተር ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1954 ትርፍ ጉልበት ከእርሻ ወደ ኢንዱስትሪ ሲሻገር ኢኮኖሚ ያድጋል ያለውም ለዚህ ነው። በጅማ ዞን የጎማ ወረዳ ልጅ ከማሳ ወጥቶ ጅማ መናኸሪያ ተሸካሚ ከሆነ ግን ምን ተሻገረ? እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው የወጣው የት ገባ፣ የቀረውስ ገቢው ጨመረ ወይ ብዬ ነው።

ጥ፦ ቡናው ሥራ አይፈጥርም እንዴ?

መ፦ ይፈጥራል፤ ችግሩ ወቅታዊነቱ ነው። በለቀማ ሰሞን ሰው በውድ ዋጋም አይገኝም፣ ካለፈ በኋላ ጭር ይላል። ቀይ ቀዩን እየመረጡ መልቀም፣ መፈልፈል፣ ማጠብ፣ በሽቦ አልጋ ላይ እያገላበጡ ማድረቅ፣ ማበጠር፦ ሥራው ያለው እዚህ ነው፤ አብዛኛውንም የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። አረንጓዴውን ከቀዩ ደባልቆ፣ መሬት ላይ አድርቆ በጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው፣ የሚሸጥ ሰው ዋጋውንም ሥራውንም አብሮ ይሸጣል።

ጥ፦ የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክስ?

መ፦ ከተመረቀ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አለ። የአካባቢውን ምርት የሚያቀነባብር ካልገባበት ለገበሬው ሩቅ ነው።

ጥ፦ ጫት የሚተክለውን ምን ትሉታላችሁ?

መ፦ ሞኝ አልለውም። ቡና በዓመት አንዴ፣ ጫት ደጋግሞ ይቆረጣል። ነገር ግን ለጫት ተብሎ ቡናው ሲነቀል የጥላ ዛፎቹ ዋንዛውና ሰሳው አብረው ይሄዳሉ፤ ዘላቂ ካልን ጥላውም አፈሩም ከሂሳቡ ይግባ።

ጥ፦ ተመርቄ ሥራ አጣሁ። ወደ አባቴ ማሳ ልመለስ?

መ፦ ቡናው ካረጀ አንተ ስለተጨመርክ ምርቱ አይጨምርም፤ ያው ገቢ ለአንድ ሰው ተጨማሪ ይካፈላል። መጀመሪያ ጉንደላ ነው፤ ያረጀውን ግንድ ከታች ቆርጦ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ ማለት ነው። አባቶች የሚፈሩት የተጎነደለው እስኪያፈራ ሁለት ዓመት ያህል ስለሚያስጠብቅ ነው፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ሩቡን ብቻ ጎንድሉ፣ በተከፈተው ቦታ ቦሎቄ ዝሩ። ለተከላ ደግሞ ጅማ አጠገብ መልኮ ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን የቡና ፍሬ በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎች፣ እንደ 74110 ያሉትን፣ ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጠይቅ።