የልጆቼ ድምፅ ያስጨንቀኛል፤ ሐኪም ጋ መሄዴ እምነት ማጣት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ሐዋሳ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ትንሹ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው፣ ገና ይጠባል። እሱን ከወለድኩ ወዲህ ድምፅ አልችልም። ቴሌቪዥኑ፣ የባጃጁ ጥሩምባ፣ የልጆቹ ጩኸት አንድ ላይ ሲመጣ ልቤ ይደልቃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው እንዲነካኝ አልፈልግም። ሽንት ቤት ገብቼ ቆልፌ የማለቅስበት ቀን አለ። በቀደም ሁለተኛዋን ልጄን በጥፊ መታኋት። በፍልሰታ ላቆርባቸው ወስጃቸው ቅዳሴው ሳያልቅ ይዣቸው ወጣሁ። ሆስፒታል ስሄድ ሐኪሙ የጭንቀት ሕመም ነው ብሎ መድኃኒት አዘዘልኝ። አሥር ቀን ውጬ ለውጥ አላየሁም። ጠበል ቦታ ያገኘኋት እህት ደግሞ «መንፈስ ነው፤ ኪኒን ከዋጥሽ ጠበሉ አይሠራልሽም» አለችኝና አቆምኩት። ሐኪም ጋ መሄዴ ኃጢአት ነው? እምነቴስ ጎድሎ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሐኪም ጋ መሄድሽ ኃጢአት አይደለም። መድኃኒት መዋጥሽም እንደዚያው። እምነትሽም አልጎደለም፤ እምነቷ የጎደለባት ሴት በዚህ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ሆና ሦስት ልጅ ይዛ ለቁርባን አትወጣም።

ያቺ እህት በክፋት አልተናገረችም ብዬ አምናለሁ፤ የነገረችሽ ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ዛሬውኑ አውጥተሽ አንብቢ። ባለመድኃኒትን አክብረው፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። መድኃኒትን ከምድር ያወጣው ጌታ እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ኢሳይያስ እግዚአብሔር ያድንሃል ብሎ ነግሮት፣ በዚያው በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዘዘ። ተስፋውም መድኃኒቱም ከአንድ ነቢይ አፍ ወጡ።

ይህ ጥያቄ በኤችአይቪ ታማሚዎችም ላይ ተነሥቶ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ እንጦጦ ለጠበል የወጡ ብዙ ሰዎች ጠበል ከመድኃኒት ጋር አይሄድም እየተባሉ መድኃኒታቸውን ይተዉ ነበር። ያኔ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አብራችሁ ውሰዱ ብለው በግልጽ አስተማሩ። ለኤችአይቪ የተባለው ለአእምሮ ሕመም የማይሠራበት ምንም ምክንያት የለም። ስለዚህ ጠዋት ጠበልሽን ጠጪ፣ ተጠመቂ፤ ሐኪሙ መልሶ ሲያስጀምርሽ መድኃኒትሽንም በሰዓቱ ዋጪ።

መንፈስ ነው ወይስ ሕመም ለሚለው፣ እኔ በጽሑፍ ልፈርድ አልችልም። ጠበል ቦታ ወረፋ ላይ የተገናኘሽ ሰውም አይችልም። የማውቀው አንድ ነገር አለ፤ የነገርሽኝ ምልክት ሁሉ ሐኪሞች ጭንቀት ለሚሉት ሕመም የታወቀ ምልክት ነው። ሌሊት ጅብ ሲጮህ የሰማ መንገደኛ ቅጠል ሲንኮሻኮሽም ይዘላል። ጆሮው፣ ዓይኑ፣ ቆዳው ሁሉ ነቅቷል። የአንቺ ሰውነት እንደዚያ መንገደኛ ሆኗል፤ ልዩነቱ የአንቺ ጅብ አለመሄዱ ነው። ዓመት ሙሉ ሌሊት እየተነሣሽ ስታጠቢ፣ እንቅልፍሽ ሲቆራረጥ፣ ቀን ደግሞ አንዱ ቀሚስሽን ሲጎትት ሌላው ሲጮህ ሰውነትሽ የሚያርፍበት ሰዓት አጣ። ስለዚህ ማንኪያ ሲወድቅ ትደነግጫለሽ፣ ልጅሽ ሊያቅፍሽ ሲመጣ እጁን ማንሣት ያምርሻል። ይህ ልጆችሽን መጥላት አይደለም። ብዙ እናቶች በዚህ ሐሳብ ራሳቸውን ሲገርፉ ስላየሁ ነው ደጋግሜ የምለው፤ ልጆችሽን አልጠላሻቸውም።

ነቢዩ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ነፍሴን ውሰዳት ብሎ የለመነበትን ቀን አስታውሺ። እግዚአብሔር መልአኩን ልኮለት መጀመሪያ የሰጠው ምን ነበር? ተግሣጽ አይደለም። እንጎቻና ውኃ ነው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰውና ደግሞ አበላው። መንገዱ የተነገረው በዚህ በሁለተኛው ጊዜ ነው። እኔ ይህን ምዕራፍ ለዓመታት ሳስተምር እንቅልፉን ዝም ብዬ አልፈው ነበር። ቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ ነው ያስተዋልኩት።

አሁን ስለ መድኃኒቱ። አሥር ቀን ትንሽ ነው። ለጭንቀት ከሚታዘዙት ብዙዎቹ ለውጣቸው የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ አንዳንዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭራሽ ያቁነጠንጣል። ያቋረጥሽውን በራስሽ አትጀምሪው። ካርድሽንና የኪኒኑን ማሸጊያ ይዘሽ እዚያው ሐኪም ጋ ተመለሽና እንዳቋረጥሽ ሳታፍሪ ንገሪው። ልጅ እንደምታጠቢ ንገሪው፤ ለሚያጠቡ የሚመረጡ መድኃኒቶች አሉ። የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራም ጠይቂ፤ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ፣ ከወሊድ በኋላም ይከሰታሉ። የምክር አገልግሎት ካለ እምቢ አትበይ። ቡናሽንም ቀንሺ፤ ለጭንቀት አይበጅም፣ የአቦሉ ስኒ ይበቃሻል። ራስሽን ወይም ልጆቹን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ለባልሽ ወይም ለጎረቤት ንገሪና ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ስለ ጾምና ቁርባን ለንስሐ አባትሽ መድኃኒት እንደምትወስጂ ንገሪ። ለታመመና ለምታጠባ እናት ጾሙን የሚያቀልሉት እሳቸው ናቸው፤ በራስሽ አታክብጂው። ስትቆርቢ ደግሞ የ18 ሰዓቱ ጾም ከኪኒኑ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ ከሐኪሙ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። ሰዓቱን ማዛወር ብዙ ጊዜ ይቻላል።

ከቅዳሴ መውጣትሽን እንደ ውድቀት አትቁጠሪው። የፍልሰታን ቅዳሴ የማያውቅ የለም፤ ሕፃኑ ሁሉ ያለቅሳል፣ ቃጭሉ አለ፣ ድምፅ ማጉያው አለ፣ ነጠላሽን የሚረግጠው ብዙ ነው። ገብርኤልም ሆነ ሌላ ደብር፣ ግቢው ውስጥ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ የዛፍ ጥላ ፈልጊ። እዚያ ቆሞ ማስቀደስ የአባቶቻችንም ልማድ ነው። ጆሮሽ ላይ ጥጥ ብታደርጊ ማንም አይከስሽም። ትልልቆቹን ባልሽ ይያዝ፣ አንቺ ሕፃኑን ብቻ ይዘሽ ቁሚ። ቤትም እንዲሁ፤ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ከሦስቱ ጩኸት አንዱ ቀነሰልሽ።

ስለ ጥፊው ግን እውነቱን ልንገርሽ። ሕመምሽ ኃጢአት አይደለም፣ ልጅቷ ግን ተመታለች። ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ከዚያ በፊት ግን ለእሷ ንገሪ። እኛ ሀገር ወላጅ ልጁን ይቅርታ መጠየቅ አልለመደም፤ አንቺ ጀምሪው። ቁጢጥ ብለሽ ዓይኗ ካለበት ቁመት ድረስ ውረጂ፣ እጇን ያዢ፣ «ይቅር በይኝ የኔ ልጅ፣ እማዬን አሟት ነው፣ አንቺ ጥፋት የለብሽም» በያት። ደረትሽ መሞቅ፣ እጅሽ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደግሞ ሕፃኑን አልጋው ላይ አስተኝተሽ ሌላ ክፍል ግቢ። ሽንት ቤት መቆለፍሽን ያፈርሽበት መሰለኝ። አትፈሪ፤ ያን ጊዜ ልጆችሽን ከእጅሽ አድነሻቸዋል። ከልቅሶው ጋር አቡነ ዘበሰማያት በዪበት።

ይህን ጽሑፍ ለባልሽ አንብቢለት፤ ከተቻለ እናትሽም ይስሙት። በዚህ ሳምንት ሆስፒታል የምትሄጂበትን ቀን ቁረጡ። ያን ቀን ልጆቹን እሱ ይያዝ። ስትመለሺም በር ላይ ልጆቹን አያስረክብሽ፤ ገብተሽ ሁለት ሰዓት ተኚ።