እጥፍ ቀብድ ወይስ የራስሽ ገንዘብ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ጥር ነው ያገባሁት። ለፎቶና ለቪዲዮ በ120,000 ብር ተዋውለን ቀብድ 40,000 ሰጠን። ወረቀቱ ቪዲዮው በ45 ቀን ይደርሳል ይላል። የመጨረሻው 40,000 ስንረከብ ይከፈላል። ይኸው ስምንት ወር ሆነ። መጀመሪያ ‹ኤዲቲንግ ላይ ነው› አለን። ቀጥሎ መብራት ጠፋ አለን። አሁን ደግሞ የመልሱ ቀረጻ ያለበት ሃርድ ዲስክ ተበላሸ ይላል። ባለፈው ሳምንት ስቱዲዮው ድረስ ስንሄድ ‹ሕጉ እጥፍ ቀብድ መልስ ነው የሚለው፤ 80,000 ልስጣችሁና እንለያይ፤ አንድ ወረቀት ብቻ ትፈርሚልኛለሽ› አለኝ። ባለቤቴ ተቀብለን እንገላገል ባይ ነው። እኔ ግን ላለቀስኩት ሁሉ አንድ ሚሊዮን ብር ልከሰው፣ ከተቻለም እንዲታሰርልኝ እፈልጋለሁ። እናቴ ስትመርቀኝ የሚያሳየውን ደግሞ ሳያስፈቅደን ቲክቶክ ላይ ለቆታል። ምን ይመክሩኛል?»
የጥር ሙሽራ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ስምንት ወር ቢዘገይም ይባላል።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ካልኩሌተር ይዤ ነው። ጠቅላላ ዋጋው 120,000። ቀብድ 40,000። ስትረከቡ የሚከፈለው 40,000። ድምሩ 80,000 ነው። የቀረው 40,000 የት ገባ?

አልጻፍሽውም። ግን «የመጨረሻው» ብለሻል፤ የመጨረሻ ካለ መካከለኛም ነበር ማለት ነው። ልገምት። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ነው። አንቺ ሜካፕ ላይ ነሽ። ቤቱ በሰው ተጨናንቋል። ካሜራው ከቦርሳ ከመውጣቱ በፊት «ሁለተኛው ክፍያ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከሚዜዎቹ አንዱ ፖስታ አወጣ፣ ሰጠ፣ በቃ። ደረሰኝ የለም፤ የጻፈው ሰውም የለም። ማን ሙሽራ በዚያ ሰዓት ደረሰኝ ይጠይቃል? አልፈርድብሽም። ይህን ከጠበቃ መደበቅ ግን ደግ አይደለም። ምናልባት ረስተሽው ይሆናል።

ግምቴ ልክ ከሆነ እስካሁን የከፈላችሁት 80,000 ብር ነው። ሰውየው «እጥፍ» ብሎ ሊሰጣችሁ ያሰበውም 80,000 ብር ነው። ገባሽ? እጥፍ የሚባል ነገር የለም። የራሳችሁን ገንዘብ፣ ያለ አንዲት ሳንቲም ካሳ፣ ከስምንት ወር በኋላ ሊመልስላችሁ ነው። ያውም አስፈርሞ። ቪዲዮው ግን የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ቢሮዬ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው። ቀብድ የምትለዋ ቃል።

እኛ ሀገር ቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ሁሉ ቀብድ ይባላል። ለአዳራሽ ቀብድ፣ ለዲኮር ቀብድ፣ ለሙሽራ መኪና ቀብድ። በሕግ ግን ቀብድና ቅድሚያ ክፍያ አንድ አይደሉም። ቅድሚያ ክፍያ ከዋጋው ላይ ቀድሞ የተከፈለ ድርሻ ነው። ቀብድ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1883 ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው ይላል። ይህ መልካሙ ፊት ነው። አንቀጽ 1885 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሰጪው ቀብዱን ጥሎ ከውሉ መውጣት ይችላል ይላል፤ ተቀባዩም እጥፉን መልሶ መውጣት ይችላል። ማለትም «ቀብድ» ብለሽ ስትጽፊ፣ ለሰውየው በዋጋ የሚገዛ የመውጫ በር እየከፈትሽለት ነው።

ይህ በር ብዙ ሙሽራ አስለቅሷል። ደንበኛዬ የነበረ አንድ ልጅ ሠርጉ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ቪዲዮ የሚያነሳው ሰው ደወለለት። ለዚያው ቅዳሜ ሌላ ሠርግ፣ በሦስት እጥፍ ዋጋ፣ አግኝቷል። የልጁን 15,000 ቀብድ 30,000 አድርጎ መልሶ ሄደ። ልጁ እየጮኸ መጣ። ውሉን አገላበጥኩት። «ቀብድ» ይላል፣ ሌላ ምንም አይልም። ምን ልበለው? በጥር ወር አሥር ቀን ሲቀር 30,000 ብር ይዞ ጥሩ ካሜራ ያለው ሰው ፈልጎ ማግኘት እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ያንቺ ጉዳይ ግን ከእሱ ይለያል። ያንቺው ሰው መጥቷል። ካሜራውን ደግኗል። ግምቴ ልክ ከሆነ ሁለተኛውን ክፍያም ተቀብሏል። አንቀጽ 1885 ከውሉ መውጣት ለሚፈልግ ነው እንጂ፣ ሠርቶ ሲያበቃ ሥራውን ላላስረከበ ሰው መሸሸጊያ እንዲሆን የተጻፈ አይመስለኝም። ውሉ መፈጸም ከጀመረ ቀብዱ ከዋጋው ይታሰባል፤ አንቀጽ 1884ም የሚለው ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ እንዲመለስ ወይም እንዲታሰብ ነው። ስለዚህ ክርክርሽ «አንተ ከውል አልወጣህም፣ ውል አልፈጸምክም» የሚል ነው የሚሆነው። ሁለቱ በሕግ የተለያዩ ናቸው። ዳኛው እንዲህ ይላል ብዬ አልምልልሽም። የውሉን ወረቀት ሙሉውን ሳላይ ደግሞ ጭራሽ አልምልም። አንዲት ዐረፍተ ነገር ነገሩን ልትገለብጠው ትችላለች።

ይህ ክርክር እንዲቆምልሽ ሁለተኛው 40,000 መረጋገጥ አለበት። ሥራው መጀመሩን፣ ገንዘቡም ቀብድ ሳይሆን ዋጋ መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው። የከፈለው ሚዜ ማን ነበር? ዛሬውኑ ደውይለት። በቴሌብር ወይም በባንክ ልኮ ከሆነ ማስረጃውን ያውጣ። በእጁ ሰጥቶ ከሆነ ማን አጠገቡ እንደነበረ ያስታውስ። ከቪዲዮው ሰው ጋር የተጻጻፋችሁትንም ወደ ላይ ሂጂና አንብቢው። አንድ ቦታ ላይ «ሁለተኛው ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ጽፎ ቢሆን ወርቅ ነው። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም። ተናደሽ «ቻቱን አጠፋሁት» እንዳትዪኝ ብቻ።

አሁን ወደዚያች «አንድ ወረቀት ብቻ» ልምጣ። ባለቤትሽ እንገላገል ማለቱ ይገባኛል። ደክሞታል። ነገር ግን ወረቀቷ ላይ «ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ከኖረ፣ መኖሩም አይቀርም፣ ያ የግልግል ስምምነት ነው፤ ማለትም ክርክሩን ለዘለቄታው የሚዘጋ ውል። በተስማሚዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ነገ ሃርድ ዲስኩ «ተሠራ» ቢባል፣ ቀረጻው ተገኘ ቢባል፣ አንቺ ተመልሰሽ ጥያቄ የለሽም። ጠበቃ ሳያየው አትፈርሚ። እደግመዋለሁ፣ አትፈርሚ። ወረቀቱን በቴሌግራም እንዲልክልሽ ጠይቂው። ረቂቁን መላኩ ራሱ አንድ ማስረጃ ነው።

ደግሞስ፣ የተበላሸው የመልሱ ነው ብሏል። የሠርጉስ? የቤተ ክርስቲያኑስ? የአዳራሹስ? ያ ደህና ከሆነ ስምንት ወር ሙሉ ምን ያደርግበታል? ይህን ጠይቀሽው አታውቂም መሰለኝ። ቢያንስ ደብዳቤሽ ላይ የለም።

የቀረው የተለመደ ሕግ ስለሆነ ቶሎ ልበል። በስልክ መንገር ማስጠንቀቂያ ነው ቢባል እንኳ በኋላ ማስረዳቱ መከራ ነው። አንቀጽ 1772 አስቀድመሽ ማስጠንቀቂያ እንድትሰጪው ይፈልጋል። በጽሑፍ ይሁን፤ ምክንያታዊ ቀነ ገደብ ይኑረው፤ የደረሰበት ማረጋገጫ ይያዝ። ውስጡም ቀሪውን 40,000 ስትረከቡ ለመክፈል ዝግጁ መሆናችሁ ይጻፍ። አንቀጽ 1757 የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ መሆኑን ያላሳየ ሰው ሌላውን «ፈጽም» እንዲል አይፈቅድም። በስልክ «ቪዲዮ ሳላይ ሳንቲም አልሰጥህም» ብለሽው ከሆነ፣ ብለሽዋልም ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ይህ መስመር ያስተካክልልሻል።

የምትጠይቂውም ያለቀለትን ቪዲዮ ብቻ አይሁን። ያልተቆረጠውን ቀረጻ፣ ካርዶቹንና የተበላሸ የተባለውን ሃርድ ዲስክም ጠይቂ። ሰውን በግድ ቁጭ አድርጎ ኤዲት ማስደረግ ለፍርድ ቤትም ያስቸግራል። ቀረጻውን አስረክብ ማለት ግን ቀላል ነው። በአንቀጽ 1777 ፍርድ ቤት ከፈቀደ ሥራውን በእሱ ወጪ ሌላ ባለሙያ ሊጨርሰው ይችላል። ከተበላሸ ዲስክ ላይ ዳታ የሚያወጡ ሰዎችም አሉ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ላይ ዲስኩን ፎርማት እንዳያደርገው፣ እንዳይጥለውም በግልጽ ይጻፍ። በእርግጥ ጠፍቶ ከሆነ ነገሩ የካሳ ጥያቄ ይሆናል። በመርህ ደረጃ ጥፋቱን ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ከኃይል በላይ የሆነ ነገር ደረሰብኝ ካለ የማስረዳቱ ሸክም የእሱ ነው። ዲስክ መበላሸት ደግሞ ለቪዲዮ ባለሙያ ያልታሰበ መዓት ነው ብሎ ዳኛ ማሳመን የሚከብድ ይመስለኛል። ቅጂ መያዝ የሥራው ሀሁ ነው።

አንድ ሚሊዮኑን ተይው። እንባሽ እውነት ነው። ሕጉ ግን ለኅሊና ጉዳት ገንዘብ የሚያስከፍለው በግልጽ በተጻፈ ቦታ ብቻ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2116 ያስቀመጠው ጣሪያ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ? 1,000 ብር። በ1952 ዓ.ም. ብዙ ገንዘብ ነበር። የከፈላችሁትን፣ ያወጣችሁትን፣ በሰነድ የሚታይ ኪሳራችሁን ጠይቂ፤ ክስሽ ይከበራል። እስሩንም ተይው። ውል አለመፈጸም የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ገና ከመጀመሪያው ሊያታልላችሁ አስቦ ካልነበረ በቀር ፖሊስ ጋ መሄድ መንከራተት ነው።

ቲክቶኩ ቀረ። የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ አይታይም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ነው። የምስሉ ፈቃድ ግን የእናትሽም ነው፣ ያንቺ ብቻ አይደለም፤ እሳቸው ምን ይላሉ? አንቺስ ክሊፑ ሲለቀቅ ልብ ሰጥተሽ ለጓደኞችሽ አልላክሽውም? ልከሽው ከሆነ ለጠበቃሽ ንገሪው፤ ከሌላኛው ወገን ጠበቃ አፍ መስማት አይመችም።

ለጊዜው ግን «አውርደው» እንዳትዪው። ክሊፑ ላይ የለበስሽው ምንድን ነው? ቬሎ ከሆነ የሠርጉ ጠዋት ነው፣ ከቤት ስትወጪ። ካባ ከሆነ ግን ምርቃቱ የመልስ ነው። ያ «ተበላሸ» የተባለው ቀረጻ ነው፤ ቢያንስ ኤዲት እስኪደረግ ድረስ በእጁ ደህና ነበር ማለት ነው። የለቀቀው ደግሞ ዲስኩ ተበላሸ ካለሽ በኋላ ከሆነ ማስጠንቀቂያውን የምጽፈው በሌላ ቋንቋ ነው። ዛሬ ማታ ክሊፑን ስልክሽ ላይ አስቀምጪው፤ የተለቀቀበት ቀን እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺ። ከዚያ ውሉን፣ የክፍያ ማስረጃዎቹን፣ የሚዜውን ስልክ ይዘሽ አቅራቢያሽ ያለ ጠበቃ ጋ ሂጂ። ቬሎ ነው ወይስ ካባ የሚለውን ለእኔም ጻፊልኝ።