ልጆቹ አይሰለቹም ወይ? የቡሄ ዋዜማ በገጠር

እህቴ፣ «ዘንድሮ የቡሄን ዋዜማ ልጆቼን ይዤ ገጠር ዘመድ ቤት ላሳልፍ አስቤአለሁ፤ በዚያ ክረምት ከቤት ውጭ ምን ይሠራል? ጭር ብሎባቸው አይሰለቹም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አምስት ዓመት ነሐሴ 12 ቀንን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለው የአጎቴ መንደር አምሽቻለሁና ያየሁትን ልንገርሽ። ጭር ማለቱስ ጭር ይላል። እኔ የምሄደውም ለዚያው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት የሠራሁትን ጥፋት አስቀድሜ ልናዘዝ። ልጆቹ እንዳይሰለቹ ብዬ ከአዲስ አበባ ርችት ገዝቼ ሄድሁ። ገና ሁለተኛው ሲፈነዳ አንዲት ጊደር ገመዷን በጥሳ በአጥሩ ላይ ዘልላ ጠፋች። አጎቴና ጎረቤቶቹ የዋዜማውን እኩሌታ በጭቃ ውስጥ ሲፈልጓት አመሹ። ጋሼ ምንም አልተናገሩኝም። ባለቤታቸው እትዬ ግን ሙልሙሉን ሲያቀብሉኝ «ጅራፉ አነሰህ ልጄ?» አሉኝ።

እውነትም ጅራፉ አያንስም። እረኞቹ ቡሄ ሳይደርስ ቃጫውን ገምደው ይጨርሳሉ። በዚህ ጋራ አንዱ ሲያጮኸው ከወንዙ ማዶ ሌላው ይመልስለታል፤ ከብቶቹም ለምደውታል። ሽማግሌዎቹ ድምፁን በደብረ ታቦር ከተሰማው የአብ ድምፅ፣ ችቦውን በዚያ ከታየው ብርሃን ጋር ያያይዙታል። ለእኔ ደስ የሚለኝ ግን በአንዱ ጅራፍና በሚቀጥለው መካከል ያለው ዝምታ ነው።

ስለ ስንቅና ልብስ ባጭሩ፦ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም ከፍታዋ ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነ ማታ ብርዱ አይቻልም። ለልጆቹ ወፍራም ሹራብና የጎማ ቦት ጫማ ያዢላቸው፤ ዋልካው ተራ ጫማ ከእግር ላይ ነጥቆ ያስቀራል። መኪናውን አስፋልቱ ዳር ካለ ሰው ግቢ አቁሚው። ኬክ ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ ፍልሰታ ነውና እንቁላልና ወተት የገባበትን የሚነካልሽ የለም። ይልቅ የስንዴ ዱቄት ቀደም አድርገሽ ላኪ። ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች በቡድን በቡድን ይመጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ሙልሙል ሲታደል የእትዬ ዱቄት ቶሎ ያልቃል።

ሌላ ዝግጅት አታብዢ። እኛ የምናደርገው ይህን ብቻ ነው፦ ከሰዓት በኋላ የወረደው ዝናብ አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ሲያባራ (ካላባራም ከጣራው ክፈፍ ሥር) በርጩማችንን አውጥተን ደጅ እንቀመጣለን። የኩበቱ ጭስ ዝቅ ብሎ በግቢው ይዞራል። የገብስ ቆሎ ይቀርባል፣ ለአዋቂው ጠላ። ጋሼ በርኖሳቸውን አውልቀው ሁለት ልጅ ባንድ ላይ ይሸፍኑበታል። ችቦው የባሕር ዛፍ ጭራሮ ነው፤ እርጥበቱ እንዲለቀው ከምድጃው በላይ ሲጨስ ሰንብቶ በልጥ ይታሰራል። ልጆቹ «አሁን እንለኩሰው?» እያሉ ይነዘንዛሉ፤ ጋሼ «ማዶዎቹ ይቅደሙ» ይላሉ። እንዲህ የሚሉት ማዶዎቹን አክብረው ይሁን ችቦው ቶሎ እንዳያልቅ ሰስተው እስካሁን አልገባኝም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ የእጅ ባትሪሽንም የስልክሽንም መብራት አጥፊ። ዓይን ጨለማውን ካልለመደ የማዶው ችቦ አይታይም።

አምና ማዶ መጀመሪያ አንድ ብርሃን ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ሦስት፣ ከዚያ ተራራው ወገቡ ላይ መቀነት የታጠቀ መሰለ። ልጄ አሥራ አንድ ቆጠረች። የጎረቤት እረኛ ልጅ አሥራ ሁለት ነው አላት፤ አንዱ ጠፍቶ እንደገና ተለኩሷልና ሁለቴ ቆጥረኸዋል ብላ ተከራከረችው። የእኛ ችቦ ነዶ አልቆ ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ ባንድ በርኖስ ውስጥ እንደተጠቀለሉ ገና ይጨቃጨቁ ነበር።